ሁለተኛ ውሻ መፍትሔ ነው?
ስለ ውሾች ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «ውሻ ያለ ውሻ ጓደኛ ይከፋዋል» ይላል። ሁሌም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት፣ ለዓመታት አብረው የኖሩ ውሾች ወደማያውቁት ክፍል ተወሰዱ። ጓደኛቸው አብሯቸው እያለም የውጥረት ሆርሞናቸው ጨመረ። የሚንከባከባቸው ሰው ሲኖር ግን አልጨመረም።

የኔዋም እንደዛው ናት። ስወጣ በሩን ትቧጭራለች ብዬ ሁለተኛ ውሻ አመጣሁ። አሁን ሁለት ሆነው ይቧጭራሉ! ለካ የምትናፍቀው እኔን ነው።

ጽሑፉ «ውሻን የሚያውቀው አሰልጣኝ ብቻ ነው» ማለቱም አልተዋጠልኝም። አንዱ አሰልጣኝ ጭራዋን ስትቆላ አይቶ «ደስ ብሏታል» አለኝ። እኔ ግን ከንፈሯን እየላሰች፣ የዓይኗ ነጭ እየታየ ፊቷን ስታዞር አይቻለሁ። ፈርታለች። ጠባይዋ በድንገት ሲለወጥ ግን ቀድሜ የምሮጠው እንስሳት ሐኪም ጋ ነው፤ ሕመምም ሊሆን ይችላላ።