እርማት፦ መዓዛ መንግሥቴና የቡከር ሽልማት

ደራሲ መዓዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶው ኪንግ» በተሰኘው ልቦለዷ እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝኛ ለተጻፉ ልቦለዶች የሚሰጠውን የቡከርን ሽልማት አሸንፋለች የሚለው አባባል ደጋግሞ ስለተጻፈ፣ በአክብሮት ላርመው እወዳለሁ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ጠመንጃ ያነሱ ሴቶችን ታሪክ፣ ሂሩት በተባለች ወላጅ አልባ የቤት አገልጋይ በኩል የሚተርከው ይህ ግሩም መጽሐፍ፣ ለመጨረሻው ዙር ካለፉት ስድስት ልቦለዶች አንዱ ነበር እንጂ አሸናፊው አልነበረም፤ የተሸለመው ስኮትላንዳዊው ዳግላስ ስቱዋርት «ሸጊ ቤይን» በተባለው የመጀመሪያ ልቦለዱ ነው። ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው በሽልማቱ ይፋዊ ድረ ገጽ የ2020ን ዝርዝር ከፍቶ አሸናፊውንና የመጨረሻ ዕጩዎቹን ለይቶ ማየት ይችላል። ስህተቱ ቀላል ቢመስልም፣ ተማሪዎች ለጥናታቸው ከገለበጡት በኋላ ሐሰትነቱ ሲታወቅ፣ ደራሲዋ በእርግጥ ያገኘችው ትልቅ ክብር ጭምር ይጠረጠራል።