ልጆች አሉ

ባሕር ዳርን የሚያመሰግን ሰው ብዙ ጊዜ ከሐይቁ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ዘንባባውን፣ ዓሣውን፣ ጢስ ዓባይን ይጠራል። እኔ ዛሬ የማመሰግነው እስካሁን ማንም ያላመሰገነውን ነው። በስልክ የሚሰጥ ባለ ሁለት ቃል መልስ ነው፤ «ልጆች አሉ»።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐይቁን ተደግፈው ከተሠሩት አዳዲስ ሆቴሎች አንዱ የውስኪ ቅምሻ ምሽት አዘጋጀ። ስለ ስኮትላንድ የውስኪ ፋብሪካዎች ፊልም ይታያል፣ አራት ዓይነት ይቀመሳል ተባለ፤ ትኬትም ተሸጠ። ባልንጀራዬ የኬሚስትሪ መምህር ነው። ዕድሜውን ሙሉ ፈሳሽ ከፈሳሽ በሙቀት እንዴት እንደሚለይ በጠመኔ ሲያስተምር የኖረ ሰው፣ የዚህን ትምህርት ምርጥ ውጤት በምላሱ ሊመረምር ቢፈልግ አይፈረድበትም። በልጅነቱ ፖሊዮ ስለያዘው የሚንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ስለዚህ አስቀድሜ ደወልኩ።

«መግቢያችሁ ለተሽከርካሪ ወንበር ይመቻል?»

«ችግር የለም ጌታዬ፤ ልጆች አሉ።»

የመልሱን ጥበብ ልብ በሉልኝ። ደረጃ አለ አላለም፤ የለም አላለም። ሲሚንቶ፣ ብረትና መሐንዲስ የሚጠይቅ ሥራ በሁለት ቃል ተጠናቀቀ። ልጆች አይሰነጠቁም፣ ቀለም አይቀቡም፣ የሕንፃውን ፊት አያበላሹም። በማይፈለጉበት ጊዜ መኪና ያጥባሉ።

ደረጃው ዐሥራ አንድ ነው። የሚያብለጨልጭ እብነ በረድ ሆኖ፣ በካፊያ ጊዜ ሁለት እግር ያለውንም ሰው ያንበረክካል። ይህንን ማማረር አይገባም። በእኛ ዘንድ የሕንፃ ክብር የሚለካው በደረጃው ብዛት ነው፤ ከመሬት እኩል የተከፈተ በር የኪዮስክ በር ነው። ባለሀብቱ ያን ሁሉ ገንዘብ አፍስሶ ሰው እንደ ኪዮስክ ዘው ብሎ እንዲገባበት አይፈልግም። ሽቅብ ቀና ብለን፣ ትንሽ አለክልከን፣ በትሕትና ልንገባ ይገባናል።

ልጆቹ መጡ፤ አራት ናቸው። ሥራ አስኪያጁም ወጥቶ «ቀስ በሉ! ቀስ!» ይል ጀመር። አንዱ የፊቱን ጎማ ያዘ፤ ጎማው የሚሽከረከር መሆኑን የተረዳው ከያዘው በኋላ ነው። ሌላው የእጅ መደገፊያውን ጨብጦ ወደ ላይ ሳበ። የዚያ ወንበር መደገፊያ ተነቃይ ነው፤ ባልንጀራዬ «እሱን አትያዝ» ብሎ ሳይጨርስ ተነቅሎ በልጁ እጅ ቀረ። ልጁ የተነቀለውን ብረት እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጎ ይዞ ግራ ገባው። ወንበሩ አምስተኛው ደረጃ ላይ ወደ ግራ አዘነበለ፤ የኬሚስትሪ መምህሩም ወደ ጣና አቅጣጫ አዘነበለ። ከላይ ሆነው የሚያዩት እንግዶች «አይዞህ! እግዚአብሔር ይማርህ!» አሉት። ሰውየው አልታመመም። ውስኪ ሊቀምስ ነው የመጣው።

ራምፕን፣ ያን በደረጃ ፈንታ የሚሠራ ተዳፋት መግቢያ፣ አጥብቄ የምቃወመው እዚህ ላይ ነው። ራምፕ ያለበት ቤት ሰው በራሱ ገብቶ በራሱ ይወጣል፤ ታዲያ ማን ጸደቀ? ማንም። ዐሥራ አንድ ደረጃ ግን አራት ልጆችን፣ አንድ ጥበቃንና «ቀስ በሉ» የሚል አንድ ሥራ አስኪያጅን በአንድ ምሽት ያጸድቃል፤ በስልካቸው ሲቀርጹ የነበሩትን ሳንቆጥር ነው። ይህን ሁሉ ጽድቅ በአንድ የሲሚንቶ ተዳፋት መለወጥ ኪሳራ ነው።

ውስጥ ከገባን በኋላም ደግነቱ አልተቋረጠም። አስተናጋጁ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «እሱ ምን ይጠጣል?» አለኝ። ራሱን ጠይቀው አልኩት። ዞረና ቃላቱን እየጎተተ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ጋሼ! ውኃ! ይፈልጋሉ!» አለው። ሙዚቃው የሚጮኽበትን መጠን ስናስብ ግን ጩኸቱ ለባልንጀራዬ ብቻ ላይሆን ይችላል። መስማት የተሳናቸውን በተመለከተ እዚያ ቤት እኩልነት ሙሉ በሙሉ ተረጋግጧል፤ ማንም ማንንም አይሰማም። ጥቂት ቆይተው አንዲት ደግ እናት በአጠገባችን ሲያልፉ ባልንጀራዬ እጅ ውስጥ ሃምሳ ብር ሸጎጡ። ትኬት ገዝቶ፣ ከረባት አስሮ ተቀምጧል። ብሩን አገላብጦ አየውና «ከደመወዝ ጭማሪው ቀድሞ ደረሰ» አለ።

ከዚያ ፊልሙ ተጀመረ። የበቀለ ገብስ፣ ትልልቅ የመዳብ ጋኖች፣ ቢያንስ ሦስት ዓመት በባሉጥ በርሜል የሚተኛ መጠጥ አየን። ስኮትላንዳውያን ያሳዝናሉ። ስትራቲስላ የተባለው ፋብሪካቸው የተመሠረተው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1786 ነው። በዚያ ዘመን ሕንፃ የሚያቆም ሰው የሚያስበው ስለ ገብሱና ስለ ውኃው እንጂ ስለ ጎብኚ አልነበረምና፣ አሮጌ ፋብሪካዎች ጠባብ ደረጃ ቢኖራቸው አይገርምም። የሚገርመው መናገራቸው ነው። ብዙዎቹ እንግዳ ትኬት ከመቁረጡ በፊት «እዚህ ቦታ ደረጃ አለ፣ ተሽከርካሪ ወንበር እስከዚህ ድረስ ይደርሳል» ብለው በአደባባይ ይጽፋሉ። የቤትን ጉድ ለማያውቁት ሰው መንገር! በዚያ ላይ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 የወጣው የእኩልነት ሕጋቸው አገልግሎት የሚሰጥ ሁሉ ለአካል ጉዳተኞች ተገቢውን ማስተካከያ እንዲያደርግ ያስገድደዋል። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሰበብ በእጃቸው እያለ በቅጡ አልተጠቀሙበትም። የእኛ ሆቴል ገና ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከአያት የወረሰው ደረጃ የለውም። ዐሥራ አንዱንም በራሱ ገንዘብ፣ ከመሠረቱ ጀምሮ ነው የሠራው።

ሕግ አጥተን ነው እንዳትሉ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙም ሆነ መራመድ እየቻሉ ደረጃ ለሚከብዳቸው የሚሆን መግቢያ ይኑረው ብሎ ደነገገ፤ የሚመች መጸዳጃም ጠየቀ። በዓመቱ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጸደቅን። አዋጆቹ መልካም ናቸው፤ ልጆቹን አለማወቃቸው ብቻ ነው ጉድለታቸው።

መጸዳጃን ካነሳን፣ ሆቴሉ በዚህ አይታማም። የተሽከርካሪ ወንበር ሥዕል የተለጠፈበት ሰፊ በር አለ፤ በሩ ተቆልፏል። ቁልፉ ጽዳት ሠራተኛዋ ዘንድ ነው፤ እሷ ዛሬ ዕረፍት ናት። ሥራ አስኪያጁ ተጨንቆ መለዋወጫ ቁልፍ ፈልጎ ከፈተልን። ውስጡ የተደራረቡ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ሁለት መወልወያ፣ የተጠቀለለ ምንጣፍና ባለፈው ገና የቆመው ዛፍ ከነመብራቱ ተቀምጠዋል። «ማንም ስለማይጠቀምበት ነው» አለን። ዐሥራ አንድ ደረጃ ከፊቱ ደርድሮ ማንም አለመምጣቱን መታዘብ፣ ይህ የጥናት ዘዴ ነው።

መውጫችን ሲደርስ ልጆቹ ፈረቃቸው አልቆ ሄደዋል። ጥበቃው ብቻውን ነው፤ ወገቡንም ያመዋል። እሱና ሥራ አስኪያጁ ትንሽ ተንሾካሾኩና «በጓሮ በኩል እንሞክር» አሉን። በወጥ ቤቱ አልፈን፣ የሽንኩርት ከረጢት ተሻግረን መጋዘን ደረስን። የመጋዘኑ በር ሲከፈት ባልንጀራዬ ዝም አለ።

ራምፕ ነው። ሁለት ጊዜ ታጥፎ ቀስ ብሎ ወደ መሬት የሚወርድ፣ ሸካራ ሲሚንቶ የተለሰነ፣ በሁለቱም ጎኑ የብረት መደገፊያ የቆመለት ራምፕ። ደንቡን የማያውቅ ሰው አልሠራውም። የአንድ ሜትር ከፍታ ዐሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት ይፈልጋል ይባላል፤ ዐሥራ አንዱ ደረጃ እያንዳንዱ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ሃያ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። መምህሩ በዓይኑ ለክቶ «ሃያ ይሞላል» አለ። የተሠራው ለቢራው ነው። ሳጥኖቹ በጋሪ እየተገፉ ይገባሉ፤ ደረጃ ላይ ቢንገጫገጩ ጠርሙሱ ይሰበራል። ቢራን ልጆች ተሸክመውት ይግባ ያለ የለም። «አይዞህ» አይሉትም፣ አይቀርጹትም፣ እጁ ላይ ሃምሳ ብር አይሸጉጡለትም። በክብሩ ገብቶ በክብሩ ይወጣል። ባልንጀራዬ መንኮራኩሩን በራሱ እጅ እየገፋ፣ ማንም ሳይነካው ወረደ። ታች ደርሶ ዞሮ አየውና እንደገና ወጣበት። ከዚያ እንደገና ወረደ።

በማግስቱ ከገበያው ጀርባ ወደሚገኙ አንዲት አረቄ የሚያወጡ እናት ቤት ሄድን። ኋላ ቀር ቤት ነው። ደረጃ የሚያሠሩበት ገንዘብ ስላላገኙ በሩ ከመሬቱ እኩል ቀርቷል። አንድ ጣት የማይሞላ ጉበን ብቻ ነበር። የፊቱ ጎማ እዚያ ላይ ሲያዝ አይተው፣ ማንንም ሳይጠሩ እንስራ የሚከድኑበትን ጣውላ አንስተው ጣል አደረጉና «በየት በኩል ይቀናሃል መምህር?» አሉት። ከትናንት ጀምሮ የቀረበለት የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነበር።

ምድጃው ላይ የዳጉሳው ድፍድፍ የተሞላ ጋን ተጥዷል፤ አፉ በጭቃ ተለስኗል፤ ከአናቱ የወጣው መቃ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወደተነከረው ዕቃ ይወርዳል። ባልንጀራዬ ጎንበስ ብሎ ጠብታውን እያየ ትምህርቱን ጀመረ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አልኮሉ ከዚያ ቀድሞ ይተናል አላቸው። እሳቸው ማገዶውን ትንሽ ሳብ አድርገው «ልክ ነው፤ እሳት ከበዛ አረቄው ውኃ ውኃ ይላል» ብለው መለሱለት። ስኮቶቹ ሦስት ዓመት በርሜል ውስጥ የሚያስተኙት የዚሁ ዘመድ ነው። የእማማ አረቄ እስከ ቅዳሜም አይቆይ። እንፋሎቱ ግን በሁለቱም አገር ሽቅብ የሚወጣው ያለ ልጆች ነው።

ሆቴሉ የሚቀጥለውን ቅምሻ ለእሑድ ማዘጋጀቱን ሰማሁና እንደገና ደወልኩ።

«ችግር የለም ጌታዬ፤ ልጆች አሉ።»

«እሑድም አሉ?»

ዝምታ ሆነ። ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ። «እሑድ እንኳ ልጆቹ አይገቡም። ቢራ ስለሚመጣ መጋዘን ነው የሚከፈተው።»

ባልንጀራዬ ስልኩን ከእጄ ወሰደ።

«ይቅርታ፣ ቢራው ስንት ሰዓት ነው የሚገባው?»