የሉንድ ቤተ ሙከራዎችና የእኛ የቴክኖሎጂ መንደሮች

በምኖርባት የደቡብ ስዊድን ከተማ ሉንድ ደጋግሜ የታዘብኩት፣ የባዮቴክኖሎጂ ኩባንያን በሕይወት የሚያቆየው የሕንጻው ማማር አለመሆኑን ነው። መድኃኒት አምራቹ አስትራዜኔካ በከተማዋ የነበረውን የምርምር ማዕከል እንደሚዘጋ በ2010 እ.ኤ.አ. ሲያስታውቅ ወደ 900 የሚጠጉ ሠራተኞች ነበሩት። ግቢው ግን በ2012 ሜዲኮን ቪሌጅ ተብሎ ለትናንሽ ኩባንያዎች ተከፈተ፤ ቤተ ሙከራውና ብዙ ልምድ ያካበቱ ባለሙያዎች እዚያው ስለቀሩ፣ ዛሬ በግቢው የሚሠራው ሰው ከያኔው ይበልጣል።

ከሁሉ የሚከብደው ጊዜው ነው። በ1991 የተመሠረተው የሉንዱ ኩባንያ ካሙሩስ፣ ቡቪዳል የተባለውን የኦፒዮይድ (እንደ ሄሮይን ያሉ አደንዛዦች) ሱስ ማከሚያ መርፌ በአውሮፓ ያስፈቀደው በ2018 ነው። ይህን ያህል ዘመን ለመሻገር የመንግሥት የምርምር ድጋፍ፣ ታጋሽ ባለሀብት፣ ከትልቅ መድኃኒት አምራች ጋር የሚገባ ውል ያስፈልጋል፤ ውሉም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይሆንም። ሌላው የሉንድ ኩባንያ አክቲቭ ባዮቴክ ከእስራኤሉ መድኃኒት አምራች ቴቫ ጋር ያለማው ላኩዊኒሞድ የተባለ መድኃኒት በመጨረሻው ደረጃ ሙከራ የታሰበለትን ውጤት ባለማሳየቱ፣ ኩባንያው ሠራተኞቹን ቀንሶ የሉንድ ሕንጻውን እስከ መሸጥ ደርሷል። በእንዲህ ያለ ከተማ ከሥራ የወጣ ተመራማሪ እውቀቱን ይዞ ወደ ጎረቤት ኩባንያ መሻገር ይችላል። የሳይንስ ፓርክ፣ ማለትም የምርምር ኩባንያዎች በአንድ ግቢ የሚሠሩበት መንደር፣ ትልቁ ጥቅም፣ በእኔ እምነት፣ ይህ ነው።

እኛ ዘንድ እውቀት ጠፍቶ አያውቅም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንዶድ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ደርሰውበት ነበር፤ ሆኖም ዓለም አቀፉን የደኅንነት ምርመራ ለማሟላት የሚያስፈልገውን ገንዘብ ማግኘት ብዙ ዓመታት ፈጀ። በአንጻሩ የቢሾፍቱው የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም ለአሥርት ዓመታት ጸንቶ ለሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጭምር ክትባት ይልካል። የክትባቱ ገዢ አስቀድሞ የታወቀ መሆኑ ለዚህ ትልቅ አስተዋጽኦ ያደረገ ይመስለኛል፤ ለጀማሪ ኩባንያም የመንግሥት የግዢ ትእዛዝ ከነፃ ቢሮ የበለጠ እድሜ ይሰጠዋል።

ከዚህ ሌላ እጅግ የሚያሳስበኝ የግብዓት ጉዳይ ነው። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ መቀመጥ ያለበት ኢንዛይም የውጭ ምንዛሪ፣ ፈቃድና የጉምሩክ ሂደት ሲጠብቅ ከተበላሸ፣ ጥቂት ወራት ብቻ የሚያቆይ ገንዘብ ያለው ኩባንያ ሥራ ሳይጀምር ደመወዝ እየከፈለ ያልቃል። በቦሌ ለአበባ ላኪዎች ማቀዝቀዣ መጋዘን ማዘጋጀት ከተቻለ፣ ሌላ ሕንጻ ከመገንባታችን በፊት ለተመራማሪው ግብዓትም ተመሳሳይ ማቆያና የተፋጠነ የጉምሩክ መስኮት ይዘጋጅለት።