900 ኪሎ ምክር

ሜሪላንድ ወይ ቨርጂኒያ ጋራዥ ያለው ቤት የገዛ ሐበሻ መኪናውን ደጅ ነው የሚያሳድረው። ጋራዡ ሥራ አለበት። የእንጀራ ምጣዱ እዚያ ነው፣ እንፋሎቱ ሳሎን እንዳይገባ። አገር ቤት የሚሄድ ሰው የሚጠብቁት ሻንጣዎች እዚያ ናቸው። ለልቅሶም ለክርስትናም የሚወጡት ታጣፊ ወንበሮች እዚያ ናቸው፣ ግማሾቹ የማን እንደሆኑ እግዜር ይወቀው። እዚህ መሀል ነው እንግዲህ አባወራው ዩቲዩብ ላይ ብረት ሲቆረጥ ማየት የሚጀምረው። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ። በመጨረሻ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ "ሚሊንግ ማሽን ልገዛ ነው" ይላል፤ ብረትን በሚዞር መቁረጫ እየፋቀ ቅርጽ የሚያወጣውን ማለቱ ነው። ማን ተናገር አለው? በእኛ ሰፈር አይቶት በማያውቀው ነገር ላይ የማይመክር ሰው የለም።

ባህር ዳር ፖሊቴክኒክ የተማሩ አንድ ጋሼ አይጠፉም። ተቋሙን የሠሩት ሶቪየቶች ናቸውና ጋሼ ከሩስያ ማሽን በታች ያለውን ማሽን አይሉትም። የመረጥካትን ማሽን ፎቶ ከፍተህ ስልክህን ትሰጣቸዋለህ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ያዩታል።

"ይቺ ስንት ኪሎ ናት?"

"ስልሳ ገደማ።"

"እኔ ሰማንያ ነኝ" ይሉና ስልክህን ይመልሱልሃል።

በነገራችን ላይ ልክ ናቸው። ሚሊንግ ማሽን ላይ ክብደት ጌጥ አይደለም። የሚዞረው መቁረጫ ብረቱን በነከሰ ቁጥር ማሽኑን ይገፋዋል። ማሽኑ ቀላል ከሆነ ይንቀጠቀጣል፣ የተቆረጠው ፊት ኮረኮንች መንገድ ይመስላል፣ መቁረጫውም ቶሎ ይደንዛል። ትንሿ ማሽን አሉሚኒየምና ነሐስ አታሳፍርም። ብረት ላይ ግን ትዕግሥት ትጠይቃለች፤ ትዕግሥት ያለው ሰው ደግሞ መጀመሪያውኑ ማሽን አይገዛም፣ በሞረድ ይጨርሰው ነበር።

ከዚያ "ገንዘብህን አታቃጥል፣ ያገለገለ ብሪጅፖርት ፈልግ" የሚለው ይመጣል። ይሄኛው ማሽኑን የሚያውቀው በፎቶ ነው። ብሪጅፖርት እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ኮነቲከት ውስጥ ይሠራ የነበረ፣ ስንትና ስንት የአሜሪካ ባለሙያ እጁን ያፍታታበት ማሽን ነው፤ ክፉ አይወራበትም። ግን ወደ 900 ኪሎ ይመዝናል። ሞተሩም አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ፌዝ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ነው፣ ቤትህ የሚገባው ደግሞ አንድ ፌዝ። እሱስ መላ አለው፤ ቪኤፍዲ የሚባለው ሳጥን ለሞተሩ የሚሆነውን ሦስት ፌዝ ያወጣልሃል፣ ፍጥነቱንም በጣትህ ታስተካክላለህ። ጭንቁ ማጓጓዙ ላይ ነው። ሐበሻ ዕቃ የሚያጓጉዘው በዘመድ ነው። ቅዳሜ ጠዋት የተጠራው ሁሉ ይመጣል፣ አንዱ በነጠላ ጫማ። "ባንድ ላይ፣ ሆ!" ይባላል። ማሽኑ አማርኛ አይሰማም። አናቱ (ሞተሩና መቁረጫው ያሉበት) ከባድ ስለሆነ አንዴ ካዘነበለ የሚመልሰው የለም። ለዚህ ነው የሚያውቁት ሰዎች ጠረጴዛውን እስከ ታች አውርደው፣ አናቱን ቁልቁል ገልብጠው፣ ወይም ጭራሽ ፈታተው በሞተር ማንሻ ክሬን የሚጭኑት። ይህን ልታስረዳ ስትሞክር "አንተ ደግሞ! እኛ ስንት ፍሪጅ ፎቅ ያወጣን ሰዎች ነን" ትባላለህ።

አናቱ ክብ ዓምድ ላይ የተሰካ ማሽንም አለ፣ ዋጋው ደስ ይላል። ችግሩ አናቱን ከፍ ወይም ዝቅ ልታደርገው ስትፈታው ዓምዱ ላይ ዞር ይላል። ረዘም ያለ መቁረጫ ለመቀየር ብለህ ከፍ ካደረግከው የት ላይ እንደነበርክ ጠፋህ፣ እንደገና መፈለግ ነው። ደም ግፊት ላለበት ሰው አልመክርም።

እኔን ከጠየቅከኝ (አልጠየቅከኝም፣ ግን እኔም ሐበሻ ነኝ) 300 ኪሎ ገደማ የሆነ፣ አናቱ በቀጥተኛ ሐዲድ ላይ የሚወጣና የሚወርድ፣ ስፒንድሉ (መቁረጫውን ይዞ የሚዞረው ዘንግ) አር8 የሆነ ግዛ። አር8 የመቁረጫ መያዣ ልክ ነው፣ የብሪጅፖርቱ፤ አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ ዕቃው አይጠፋም፣ ነገ ትልቅ ማሽን ብትገዛም ያለህ ኮሌት (መቁረጫውን የሚጨብጠው) አብሮህ ይሻገራል። ጠረጴዛውን የሚነዳው እጀታ በኢንች የተከፈለ ከሆነ ደግሞ አንዳንዱ ትንንሽ ማሽን በአንድ ዙር 0.0625 ኢንች ነው የሚሄደው። አገር ቤት በሚሊሜትር ያደገ ጭንቅላት ይሄን ሲያሰላ ሥራው ይመሻል፣ ስለዚህ ዲጂታል መለኪያ አስገጥምለትና በአንድ ቁልፍ ተገላገል።

የእቁቡን ብር ግን ማሽኑ ላይ አትጨርሰው። ሞርሳ፣ ኮሌት፣ ኤንድ ሚል (ራሱ መቁረጫው)፣ ማሰሪያ፣ ዳያል ኢንዲኬተር (ባለ መርፌው መለኪያ) ብዙውን ጊዜ አብረው አይመጡም፣ ተደማምረውም የማሽኑን ዋጋ ሊጠጉ ይችላሉ። ሞርሳው በር ላይ ሲደርስ ከባለቤትህ ጋር የሚከተለውን ውይይት ተዘጋጅተህ ጠብቅ።

"ተገዛ አላልከኝም እንዴ?"

"ማሽኑ ነው የተገዛው።"

"ታዲያ ይሄ ምንድነው?"

"ሞርሳ። ብረቱን የሚይዘው።"

"ያኛው ታዲያ ያለዚህ ምን ሊሠራ ነበር?"

መልስ የለውም፣ አትልፋ።

አንድ ነገር ሳልቀልድ። የጥር ብርድ ጋራዥ ውስጥ አጥንት ድረስ ይገባል፣ ጋቢህን ደርበህ መውረድ ያምርሃል። ስፒንድል ጋቢ አያከብርም። ጫፉን አንዴ ከያዘ አንተንም ይዞ ነው የሚዞረው። ጓንትም፣ ሰፊ እጅጌም እንደዚያው። ማሞቂያ ግዛ፣ መነጽር አድርግ፣ ጋቢው ሳሎን ይቅር። ፍቅፋቂውንም ካልሲህ ላይ ይዘኸው አትግባ። ሕፃን በሚድህበት ምንጣፍ ላይ የብረት ስንጥር የተገኘ ቀን ማሽኑን ራስህ ለሽያጭ ፎቶ ታነሳዋለህ።

ይሄ ሁሉ ሰው ሲመክርህ ምን ልትሠራበት እንደሆነ የጠየቀህ እንደሌለ አስተውለሃል? አይጠይቁህም፤ እነሱ ወስነው ጨርሰዋል። ማሽኑ በገባ ሳምንት እትዬ የቡና ወፍጮ እጀታ ይዘው ይመጣሉ። የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ስለ መጋረጃ ዘንግ "አንድ ሐሳብ" አለው። "የሞኝ ገንዘብ ነው" ሲል የከረመው ጓደኛህ ተራ ድሪል የሚበሳትን አንዲት ላሜራ ይዞ ይቆማል። ጋሼም ይመጣሉ፣ ኪሳቸው ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ ነገር አለ። ማሽኑን ዞር ዞር ብለው ያዩትና "ሩስያ ቢሆን..." ብለው ይተዉታል። ስለ ክፍያ የሚያነሳ የለም። ድንገት አንተ ካነሳህ፣ ሁሉም ከልቡ ተገርሞ ነው የሚያይህ፦

"ምን ነካህ? እንዲሁም ቆሞ ነው እኮ የሚውለው!"