ሞንቲቼሎ ስትሄዱ በእግራችሁ ውረዱ

ቨርጂኒያ ውስጥ ከአሌክሳንድሪያ ሻርለትስቪል የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ። ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣብኝ ዋሽንግተንን አሳይቼ ስጨርስ ወደዚያ እነዳለሁ። የሦስተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የቶማስ ጀፈርሰን ቤት ሞንቲቼሎ እዚያ ነው፤ በአሜሪካ አምስት ሳንቲም ጀርባ ላይ ያለው ባለ ጉልላት ቤት።

ባለፈው ጸደይ አክስቴን ይዤ ሄድኩ። ጉብኝቱ አልቆ ስንወጣ አንድ ያገራችን ሰው ለጓደኞቹ “ቤት ልናይ መጥተን ስለ ባርነት ሲያወሩብን ዋሉ” ሲል ሰማሁት። አሜሪካኖቹም ይህንኑ ቅሬታ ያነሳሉ። እዚያው መልስ ብሰጠው ደስ ባለኝ፤ አክስቴን አፍሬ ዝም አልኩ። መልሴ ይኸው።

ወንድሜ፣ ያንን ቤት ያለ ባሪያዎቹ ልታየው አትችልም። ጀፈርሰን ግንባታውን የጀመረው በ1769 ነው፣ የጨረሰው በ1809 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ 40 ዓመት ሸክላውን ያቃጠሉት፣ እንጨቱን የጠረቡት፣ ማሳውን ያረሱት እሱ በባርነት የያዛቸው ሰዎች ናቸው። በሕይወት ዘመኑ ከ600 በላይ ሰው ነበረው። ከቤቱ ዝቅ ብሎ መልበሪ ሮው በሚባለው መንገድ ላይ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 16 የሆነ ልጆች ቀኑን ሙሉ ምስማር ሲቀጠቅጡ ይውሉ ነበር። በአሜሪካ የነፃነት አዋጅ ላይ “ሰው ሁሉ እኩል ተፈጥሯል” ብሎ የጻፈው ይኸው ጌታቸው ነው።

አክስቴን ያስለቀሳት የፎሴት ቤተሰብ ታሪክ ነው። ጆሴፍ ፎሴት ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ሚስቱ ኢዲት ጀፈርሰን ፕሬዚዳንት ሳለ ዋሽንግተን ተወስዳ የፈረንሳይ ምግብ አሠራር የተማረች፣ ኋላም የቤቱ ዋና ምግብ አብሳይ የሆነች ሴት ናት። ጀፈርሰን በጁላይ 4 ቀን 1826 ሲሞት ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ዕዳ ነበረበት። በኑዛዜው አምስት ሰው ብቻ ነፃ አወጣ፣ ጆሴፍ አንዱ ነበር። ሚስቱና ልጆቹ ግን የሉበትም። በጃንዋሪ 1827 እዚያው ግቢ፣ ከዕቃውና ከከብቱ ጋር፣ 130 ሰው ለሐራጅ ቀረበ። የጆሴፍ ልጅ ፒተር የተሸጠው በ11 ዓመቱ ነው። አባት በኑዛዜው ነፃ እንደሚወጣ እያወቀ ቆሞ ልጁ ሲሸጥ ያያል ማለት ነው፤ የራሱ ነፃነት የሚጀምረው ጀፈርሰን በሞተ በዓመቱ ነበር። ጆሴፍ ኢዲትንና የተወሰኑ ልጆቹን ገንዘብ አሰባስቦ መልሶ ገዛ። የፒተር ጌታ ግን አልሸጥም አለ። ፒተር ብዙ ዓመት ቆይቶ ነፃ ወጣ፣ ሲንሲናቲ ሄዶ ሰባኪ ሆነ፣ በ1900 ሽማግሌ ሆኖ ቤቱን ለማየት ተመልሶ መጣ።

“እኛም አገር እኮ ነበር፣ ልጄ” አለችኝ አክስቴ። ሌላ አልጨመረችም፣ እኔም አልጠየቅኋት።

አካባቢውም ቢሆን ታሪኩ ከዚህ አይለይም። ሞንቲቼሎ ያለበት አልቤማርል ካውንቲ በ1744 ሲቋቋም ስሙ የተወሰደው ቨርጂኒያን እግሩ ረግጦ ከማያውቅ እንግሊዛዊ ገዥ ነው። ትምባሆ ተዘራበት፣ አፈሩ ሲደክም ስንዴ ተተካ፣ ዛሬ ደግሞ ሰው ወይን ሊጠጣ ይሄዳል። በ1860 ቆጠራ ከነዋሪው ከግማሽ በላይ የሚሆነው በባርነት የተያዘ ሕዝብ ነበር። ከዚያ ሁሉ በፊት ደግሞ መሬቱ ሞናካን የሚባሉት የነባር አሜሪካውያን ነበር። ጀፈርሰን በሪቫና ወንዝ አጠገብ ያለ የቀደምት ሰዎች መቃብር ጉብታ አስቆፍሮ አጥንቱን መርምሯል። ከዚያ 30 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በዚያ በኩል ያለፉ ነባር ሰዎችን ነገርም ራሱ ጽፎታል፤ ማንንም ሳይጠይቁ በጫካው አቋርጠው ቀጥ ብለው ወደ ጉብታው ሄዱ፣ አዝነው ቆዩ፣ ከዚያ ወደ መንገዳቸው ተመለሱ። እነሱ መቃብሩ የት እንዳለ ያውቁ ነበር።

የባሪያዎቹ መቃብር ግን ጠፍቶ ነበር። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ያገኙት በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው፣ የጎብኚዎች መኪና ማቆሚያ አጠገብ። ከ40 በላይ መቃብር አለ፣ የማን የማን እንደሆነ አይታወቅም። በ2023 ላይ ኮረብታው ላይ መታሰቢያ ተሠርቶ 607 ስም ተጽፎበታል። ስለዚህ አስጎብኚዎቹ ስለ ባርነት አበዙት የሚለኝ ሰው ካለ፣ ገና ዘግይተው ነው የጀመሩት እለዋለሁ።

እናንተም ስትሄዱ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ሽቅብ አውቶቡሱ ይወስዳችኋል፣ ስትመለሱ ግን በእግራችሁ ውረዱ። መጀመሪያ በአጥር የታጠረውን የጀፈርሰንን የመቃብር ሐውልት ታገኛላችሁ። እዚያ ፎቶ ተነሥታችሁ አትጨርሱ። ቁልቁል ቀጥሉ፣ መኪና ማቆሚያው ጋ ዛፎቹ መሃል ያንን መቃብር ታገኙታላችሁ። አክስቴ ነጠላዋን አስተካክላ አማተበችና “ነፍስ ይማር” አለች። አብረናት ቆምን።