እርማት፦ ቴክኒክና ሙያ የወደቀ ልጅ መጣያ አይደለም

ወንድሜ፣ «ማትሪክ ካልመጣለት አቃቂ ያለው ቴክኒክና ሙያ ጣለው፣ ከዚያ ወዲያ መማር የለም» ብለሃል። ይህ ወሬ የድሮ ነው። ያኔ የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነበር፤ ነጥብ የጎደለው ወደ 10+1 ወይም 10+2፣ ማለትም ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ወደሚሰጥ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ሥልጠና፣ ይሄድ ነበር። ፈተናው ከቀረ ዓመታት አልፈዋል።

አሁን ሥልጠናው በደረጃ ነው፤ ኮሌጆቹ እስከ ደረጃ 5 ያሠለጥናሉ። መንገዱ እዚያ አይዘጋም። የፌዴራሉ ቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኢንስቲትዩት ዲግሪና ማስተርስ ይሰጣል።

«ወረቀት ይዞ መውጣት ነው» ያልከውም ልክ አይደለም። ሲኦሲ የሚባል የሙያ ብቃት ምዘና አለ። ብየዳ የተማረ ልጅ ማስኩን አጥልቆ መዛኝ ፊት ብረት ይበይዳል። የብየዳውን ቅርፊት በመዶሻ ያራግፋል። መዛኙ ጎንበስ ብሎ መስመሩን ያያል፦ ቀዳዳ አለው? ብረቱን በልቶታል? ተጣሟል? እዚያ ጋ ይሉኝታ የለም፤ የሚወድቅም አለ።

ሰው የማያውቀው ደግሞ ሌላ ነው። ኮሌጆቹ የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን ሥራም አለባቸው። አሠልጣኙ ጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች ዘንድ ይወርዳል። ቃሊቲ ሼድ ውስጥ በርና መስኮት የሚሠሩ ልጆችን ብረት እንዳያባክኑ አለካክና አቆራረጥ ያሳያል።

ማሽን አርጅቷል፣ ዕቃ ይጎድላል ካልከኝ ግን አልከራከርህም። ስለዚህ ልጁን ከማስመዝገብህ በፊት ወርክሾፑን ግባና እይ። ለተግባር ልምምድ ወደ የትኛው ድርጅት እንደሚልኩትም ጠይቅ።