ትሬለሩ ደሴም ዴንቨርም እኩል ይደርሳል

ባለፈው ጥር ደሴ ነበርኩ። ፒያሳ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ከእህቴ ልጅ ጋር ተቀምጠናል። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጃኬት ያስደርባል። ልጁ ስልኩን አወጣና "ጋሼ፣ ይሄን አይተኸዋል?" አለኝ። የክሪስቶፈር ኖላን አዲስ ፊልም፣ የ"ዘ ኦዲሲ" ትሬለር ነው። አዎ፣ አይቼዋለሁ። እኔ ያየሁት በምኖርበት በአሜሪካ፣ ዴንቨር፣ ሲኒማ ቤት ውስጥ፣ ሌላ ፊልም እስኪጀመር ስጠብቅ ነው። እሱ ደግሞ ደሴ አጠገብ ኮምቦልቻ፣ ዶርሙ ውስጥ፣ ከስድስት ጓደኞቹ ጋር አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው። ቀኑን ስናስተያይ በሦስት ቀን ቀድሞኛል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣም። ደሴ ያለ ልጅና ዴንቨር ያለ አጎቱ አንድ ትሬለር እኩል ያያሉ። ፊልሙ ሲወጣ ግን እንለያያለን። እኔ አስር ደቂቃ በእግሬ ሄጄ አየዋለሁ። ደሴ ላይ እንዲህ ያለውን ፊልም በወጣበት ቀን የሚያሳይ ሲኒማ ቤት የለም። ልጁ ጥራቱ ደህና የሆነ ኮፒ ቴሌግራም ላይ እስኪለቀቅ ይጠብቃል። አንዳንዴ ወራት ይፈጃል።

እኔ ልጅ ሳለሁ ትሬለር የሚባል ነገር አናውቅም ነበር። ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ አለ። በጠመኔ የፊልሙ ስምና ሰዓቱ ይጻፍበታል። ስሙ ብዙ ጊዜ ተሳስቶ ነው የሚጻፈው፤ ግድ አልነበረንም። የምንጠይቀው "አክተሩ ማነው?" ብቻ ነው። ትሬለራችን ቀድሞ ያየ ልጅ ነበር። ሰፈር መጥቶ በአፉም በእጁም ይተርክልናል። የጥይቱን ድምፅ ያወጣል፣ ከአጥር ላይ ይዘላል፣ ልክ ልባችን ሲንጠለጠል "በቃ፣ የቀረውን ገብታችሁ እዩት" ይላል። ያ ልጅ የት ጋ ማቆም እንዳለበት ያውቅ ነበር። ዛሬ የማያቸው ብዙ ትሬለሮች ይሄን አያውቁም።

ኮምቦልቻ ላይ "ትሬለር" ስትል መጀመሪያ ሰው አእምሮ ውስጥ የሚመጣው ተሳቢ ነው። ከጅቡቲ ጭኖ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣው ከባድ መኪና የሚጎትተው። ቃሉ አንድ ነው። ድሮ አሜሪካ ውስጥ የመጪው ፊልም ማስታወቂያ የሚታየው ዋናው ፊልም ካለቀ በኋላ ነበር። ከኋላ ስለሚከተል ትሬለር ተባለ። ሰው ፊልሙ ሲያልቅ ተነስቶ እየሄደ አስቸገረ፣ ማስታወቂያው ወደፊት መጣ። ስሙ ግን እንዳለ ቀረ።

ዛሬ ዴንቨር ትኬቱ ላይ ማታ 1 ሰዓት ከተጻፈ ፊልሙ የሚጀምረው ከ1፡20 በኋላ ነው። መሃሉ በሙሉ ማስታወቂያና ትሬለር ነው። ሰው ፋንዲሻውን እየበላ ስልኩን ይነካካል። አንዱ አልቆ ሌላው ሲጀምር ትንፍሽ የሚል የለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ የሲኒማ ቤት ባለቤቶች ማኅበር አንድ ትሬለር ከ2 ደቂቃ እንዳይበልጥ መመሪያ አውጥቶ ነበር። አስገዳጅ ስላልሆነ ሁሉም አይገዛበትም። መመሪያ ማስፈለጉ ራሱ ግን ለዚያ ሁሉ ትዕግሥት የለንም ማለት ነው።

ደሴ ግን እነዚያ ልጆች ያችን ሁለት ደቂቃ ምን ያህል እንደሚያጠኗት ብታዩ! "አቁመው! መልሰው!" ይላሉ። የአንዱን ወታደር የራስ ቁር አሥር ጊዜ ያዩታል። መርከቡ ላይ ስንት ሰው እንዳለ ይቆጥራሉ። ዳታ ስለሚበላ አንዱ ብቻ ያወርደዋል፣ ለሌላው ያሻግራል። ክርክሩ ሳምንት ይዘልቃል። ዴንቨር በኖርኩባቸው 19 ዓመታት እንዲህ ትሬለር የሚያይ ሰው አላጋጠመኝም። ትሬለርን ከልቡ የሚያየው ፊልሙን በቀላሉ የማያገኘው ሰው ነው። ይሄ ያሳዝነኛል፣ ልጆቹን ደግሞ አከብራቸዋለሁ።

እንግዲህ ከልጁ ጋር ተቀምጠን ስላየናቸው ትሬለሮች ላውራ።

"ማይክል" ሚያዝያ 16 ይወጣል ተብሏል። የማይክል ጃክሰን ሕይወት ነው። ዳይሬክተሩ አንትዋን ፉኳ ነው። ማይክልን ሆኖ የሚጫወተው የገዛ ወንድሙ የጀርሜይን ልጅ፣ ጃፋር ጃክሰን። ቁርጥ አጎቱን! አነጋገሩ፣ አንገቱን የሚሰብርበት ሁኔታ፣ እግሩ። ደንግጬ ነው ያየሁት። ቅር ያለኝ ጥድፊያው ነው። መብራት፣ ጩኸት፣ መድረክ፣ ደግሞ መብራት። አንድ ውዝዋዜ እንኳ ሳይቆረጥ ቢያሳዩን ምን ነበረበት?

ለወሎ ሰው ግን ማይክል ጃክሰን ዘፋኝ ብቻ አይደለም። በጥቅምት 1977 ከኮረም የወጣው የቢቢሲ የረሃብ ምስል ዓለምን አናወጠ። ኮረም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። ጥር 20 ቀን 1977 ሌሊት ከ40 በላይ ዘፋኞች ሎስ አንጀለስ አንድ ስቱዲዮ ገብተው ለተራበው ወገን መርጃ "ዊ አር ዘ ወርልድ"ን ቀዱ። ግጥሙንና ዜማውን የደረሱት ማይክልና ላዮኔል ሪቺ ናቸው። ዴንቨር ውስጥ እድሜያቸው የገፋ ሰዎች ከኢትዮጵያ ነኝ ስላቸው ዛሬም ያንን ዘፈን ያነሳሉ። እኔ ያኔ አልተወለድኩም። ታላቅ እህቴ ግን የ11 ዓመት ልጅ ነበረች። ዓመቱን በቁጥር አትጠራውም፤ "ያ ክፉ ቀን" ነው የምትለው።

ዘፈኑን በስልኬ ከፍቼ አሰማኋት። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማች።

"እኛን አይተው ነው የዘፈኑት?" አለችኝ።

"አዎ፣ እትዬ።"

"እኛ ያኔ አልሰማነውም" አለች።

ፊልሙ ያቺን ሌሊት ቢያነሳት በጣም ደስ ይለኛል። ካነሳት ለእህቴ ቁጭ ብዬ ቃል በቃል እተረጉምላታለሁ።

ሰኔ 12 ደግሞ "ቶይ ስቶሪ 5" ይመጣል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1995 ወጥቶ በኮምፒውተር ብቻ የተሠራ የመጀመሪያው ሙሉ ፊልም ነበር። የአዲሱ ትሬለር አጭር ነው፤ ካየኋቸው ሁሉ በአሠራሩ የወደድኩት እሱን ነው። ለሕፃኗ ቦኒ ጥቅል ይመጣላታል። ሲከፈት ታብሌት ነው፣ የእንቁራሪት መልክ ያለው። አሻንጉሊቶቹ ይደነግጣሉ። በቃ። ጭንቀቱ ምን እንደሆነ ገባን፣ መጨረሻው አልተነገረንም። የሰፈሬ ተራኪ ልጅ የሚያቆመው እዚህ ጋ ነበር።

ዴንቨር ጎረቤቶቼ ቤት ሦስት ልጆች አሉ፤ ሦስቱም የየራሳቸው ታብሌት አላቸው። በየክፍላቸው ናቸው። የእህቴ ግቢ ውስጥ ደግሞ አንድ የተሰበረ ስክሪን ያለው ስልክ አለ፤ ስምንት ልጅ ይከበዋል። እኛ በዚያው ግቢ የሽቦ መኪና እንነዳ ነበር፣ የጨርቅ ኳስ እንጠልዝ ነበር። የሽቦ መኪና የሚሠራ ልጅ ፈልጌ አላገኘሁም፤ ከፍቶኛል። ስምንት ጭንቅላት አንድ ላይ ሲስቅ መስማቱ ግን ትንሽ አጽናንቶኛል።

የእህቴ ልጅ ከሁሉ አብልጦ የሚጠብቀው "አቬንጀርስ፦ ዱምስዴይ"ን ነው። ታኅሣሥ 9፣ 2019 ይወጣል፤ በዚያው ቀን ሦስተኛው "ዱን"ም ተይዟል። ከአቬንጀርስ ትሬለሮች በአንዱ፣ በቀደመው ፊልም የተሰናበተን ካፕቴን አሜሪካ፣ ስቲቭ ሮጀርስ፣ ሕፃን ታቅፎ ይታያል። ልጁ በደስታ ዘለለ። እኔ የተሰናበትነውን ሰው መልሶ ማምጣት አልወድም። ብዙ አልተከራከርንም፣ ዕድሜያችን ይለያያል።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። በዚያው ሰሞን ሦስት አራት የአማርኛ ፊልም ትሬለሮች በዩቲዩብ አየሁ። ተዋንያኑ ጎበዞች ናቸው፤ ንግግሩ ለጆሮ ይጥማል። ግን ሁሉም መጨረሻ ላይ ያ ወፍራም ድምፅ ይመጣና "በቅርብ ቀን!" ይላል። መቼ ነው በቅርብ ቀን? "ዘ ኦዲሲ" ሐምሌ 10፣ 2018 ይወጣል ተብሎ ልክ ከአንድ ዓመት በፊት፣ ሐምሌ 10፣ 2017፣ በአይማክስ 70 ሚሊሜትር፣ በዚያ ግዙፍ ስክሪን፣ ለሚያሳዩ ጥቂት ሲኒማ ቤቶች ትኬት መሸጥ ተጀምሯል። ሰው ለዓመት ቀጠሮ ከፈለ! የእኛ ፕሮዲውሰር ጥፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሲኒማ ቤቱ ጥቂት ነው፣ ወረፋ አለ፣ አዳራሽ መቼ እንደሚያገኝ እሱም በእርግጠኝነት አያውቅም። ያላወቀውን ቀን እንዴት ይጻፍ? ስለዚህ ብዙዎቹ አሁን በቀጥታ ዩቲዩብ ላይ ይለቁታል።

ሌላው ግን በእጃችን ያለ ነው። ትሬለራችን ሆዱ ውስጥ ምንም አያስቀርም። አንዱን ሳይ ልጅቷ ማንን እንደምታገባ፣ አባትየው ማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚታሰር በአራት ደቂቃ ውስጥ አወቅሁ። የሚያስቁት ቦታዎች በሙሉ ተደርድረዋል። ሙዚቃው ደግሞ ንግግሩን ይውጠዋል። ወንድሞቼ፣ እባካችሁ፣ ግማሹን ቁረጡት! ኮምቦልቻ ዶርም ውስጥ የራስ ቁር የሚቆጥሩ ተመልካቾች አሏችሁ። ፍንጭ ብትሰጧቸው የቀረውን ራሳቸው ይፈልጉታል።

አሁን ወደ "ዘ ኦዲሲ" ልመለስ፤ እዚያ ላይ ነው ልቤ ያለው። ኦዲሲየስ ለአሥር ዓመት ተዋግቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሌላ አሥር ዓመት ባሕር ላይ የሚንከራተት ሰው ነው። ማት ዴመን ይጫወተዋል። ሉፒታ ኒዮንግኦም አለችበት። ሙሉ በሙሉ በአይማክስ የፊልም ካሜራ የተቀረጸ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ፊልም ነው። ባሕሩ ያስፈራል፣ እውነተኛ ነው። የጦር ልብሱ ሁሉ መጥቆሩን አልወደድኩትም፣ ቀለም አንሶታል። ግን ታሪኩን አላባከኑትም፤ ትንሽ ሰጥተው ብዙ አስቀርተዋል።

ለልጁና ለጓደኞቹ አንድ ነገር ነገርኳቸው። ፊልሙ የተወሰደበት የጥንቱ ግሪካዊ ባለቅኔ የሆሜር ግጥም ሲጀምር የባሕሩ አምላክ ፖሳይደን ቦታው ላይ የለም። የት ሄደ? ኢትዮጵያውያን ዘንድ፣ በምድር ዳርቻ ወዳሉት ሕዝቦች፣ ለድግስ። ሌሎቹ አማልክት ኦዲሲየስ ይመለስ ብለው የሚወስኑት ፖሳይደን ሩቅ በሄደበት ሰዓት ነው። "ስለዚህ በእኛ ድግስ ነው መንገድ ያገኘው!" አለ አንዱ። ፊልሙ ውስጥ ይኖር ይሆን ብለው ትሬለሩን እንደገና ከፈቱት።

የመጨረሻው ማታ እህቴ ቡና አፍልታለች። ልጁ ሐምሌ 10 ዓርብ ነው፣ ፈተና ጨርሻለሁ፣ ፊልሙ ኤድና ሞል ከገባ አዲስ አበባ ሄጄ አየዋለሁ አለ። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትራንስፖርቱንም ትኬቱንም እኔ እችላለሁ አልኩት። እህቴ መንገዱን ፈርታ ፊቷ ተለወጠ። "እስቲ ምንድን ነው እንዲህ የሚያስኬደው?" ብላ ስልኩን ተቀበለችው።

ትሬለሩን አየች። አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

"ሚስቱ ናት? ምን እያለችው ነው?"

"ተመልሰህ ና፣ ቃል ግባልኝ እያለችው ነው።"

"እሱስ?"

"ባልችልስ ይላታል።"

ዝም አለች። "ታዲያ ይደርሳል?"

ልጁ "ጋሼ፣ እንዳትነግራት!" ብሎ ጆሮውን ይዞ ወደ ግቢ ወጣ።

ጠጋ ብዬ "ይደርሳል" አልኳት በጆሮዋ።

"በስንት ዓመቱ?"

"በሃያ።"

በጣቷ ቆጠረች። "አንተ ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ሞላህ" አለችኝና በረካውን ቀዳችልኝ። ልጁ በሩ ላይ ብቅ ብሎ "ጨረሳችሁ? ልግባ?" አለ።